ከጩኸቱ በፊት

ባለፈው ዓመት በጊፋታ ሰሞን፣ አንድ እሑድ፣ የ11 ዓመት ልጅ ጎትቼ ከጸሎት ቤት አወጣሁ። በዕለቱ አስተናጋጅ ነበርኩ። ልጁ ጆሮውን በሁለት እጁ ደፍኖ ይጮሃል፤ ግንባሩን ከአግዳሚው ጠርዝ ጋር ያጋጫል። ኪቦርዱ አልቆመም። መድረክ ላይ የነበረው ወንድም “ጠላት ደስታችንን አይነጥቀንም!” አለ፤ ጉባኤውም “አሜን!” ብሎ መለሰ። እኔ ልጁን በብብቱ ይዤ እስከ በሩ ጎተትኩት። እናቱ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ሸፍነው ከኋላዬ ወጡ። ደጅ ላይ አንዲት አሮጊት እጃቸውን ያዝ አድርገው፣ “ልጄ፣ ምን በድለሽ ነው?” አሏቸው። በክፋት አልነበረም፤ አዝነውላቸው ነው። እናትየው ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ሦስት ወር ሙሉ አልመጡም።

እኔም የት ጠፉ ብዬ አልጠየቅኩም። ጸጥታ አስከብሬያለሁ ብዬ ቤቴ ገብቼ ምሳዬን በላሁ።

የተወደዳችሁ የወጣት ኅብረት አባላት፣ ይህን የጻፍኩት ለመናዘዝ ብቻ አይደለም፤ ለመሟገትም ነው። ሙግቴ አጭር ነው። ኦቲዝም፣ ዳውን ሲንድረም ወይም ሌላ የአእምሮ እድገት ጉዳት ላለባቸው ወንድሞቻችንና እህቶቻችን የምናደርገው ነገር ሁሉ የሚጀምረው ከጩኸቱ በኋላ ነው። ሲጮኹ እንጸልያለን፤ ሲሮጡ እናሳድዳለን፤ ሲመቱ እንይዛለን፤ እናቶቻቸው ሲያለቅሱ እናጽናናለን። ቤቱ ከተያያዘ በኋላ ውኃ ፍለጋ የሚሮጥ ሰው ሆነናል። እኔ የምለው ፍቅራችን ከጩኸቱ በፊት ይጀምር ነው፤ አስቀድሞ በመዘጋጀትና በማይለዋወጥ ሥርዓት። ይህም ሥራ በመጀመሪያ የሚመለከተው እኛን ወጣቶቹን ነው።

ጌታ መጀመሪያ ጠየቀ

አውቃለሁ፤ አንዳንዶቻችሁ ከአሁኑ “ይህ ሰው ጸሎትን ሊያጣጥል ነው” ብላችኋል። አይደለም። እጸልያለሁ፤ ለዚያም ልጅ ጸልያለሁ። የምቃወመው ጸሎትን የችኮላ ፍርድ መሸፈኛ ማድረጋችንን ነው።

ሁልጊዜ የሚጠቀሰውን የማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 9ን ክፈቱ። ልጁ መሬት ላይ ወድቆ ይንፈራገጣል፤ ሕዝቡ ተሰብስቧል፤ ደቀ መዛሙርቱ አቅቷቸው ቆመዋል። ጌታ በዚያ ሁሉ ግርግር መካከል ወደ አባትየው ዞሮ ይህ ነገር ከጀመረው ስንት ጊዜ እንደሆነው ይጠይቀዋል። ሁሉን የሚያውቀው እርሱ የአባቱን ታሪክ ለመስማት ጊዜ ወሰደ። እኛ ምንም የማናውቀው ግን ሳንጠይቅ እንገሥጻለን። ማቴዎስም በምዕራፍ 4 ወደ ጌታ የመጡትን ሲዘረዝር በሽተኞችን፣ አጋንንት ያደሩባቸውን፣ የሚጥል በሽታ ያለባቸውንና ሽባዎችን ለየብቻ ይጠራቸዋል። ወንጌሉ የለየውን እኛ ለምን አንድ ላይ እናደባልቀዋለን?

ይህ ድብልቅ ዋጋ ያስከፍላል። በአዲስ አበባ በሁለት ክሊኒኮች የእድገት ጉዳት ያለባቸውን ልጆች የሚያሳድጉ 102 ሰዎች ተጠይቀው ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2016 ታትሟል። ከመቶ 40 ያህሉ የልጃቸውን ሁኔታ ከክፉ መንፈስ ጋር አያይዘውታል፤ ከሩብ በላይ የሚሆኑት ከኃጢአት ጋር። ከመቶ 45 ያህሉ እንደሚያፍሩ ተናግረዋል፤ ከሩብ በላይ የሚሆኑት የልጁን ሁኔታ ከሰው ለመደበቅ ጥረዋል። ከሁሉ በላይ የጎደላቸው ምን እንደሆነ ሲጠየቁ ግን ሦስት አራተኛ የሚጠጉት የመለሱት አንድ ነገር ነው፤ ለልጃቸው ትምህርት። ወላጅ የሚለምነው የሚያስተምርለት ሰው ነው፤ እኛ የምንሰጠው የሚገሥጽለት ሰው ነው።

እናትን መክሰስ የእኛ አገር ችግር ብቻ እንዳይመስላችሁ። አሜሪካ ውስጥ በ20ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ስመ ጥር ሐኪሞች ኦቲዝም የሚመጣው ልጇን ከማትወድ ቀዝቃዛ እናት ነው ይሉ ነበር። ስንት እናት በዚህ ቃል ተሰብራለች! ይህን አሳብ ከተቃወሙት መካከል ቀዳሚው ራሱ ኦቲዝም ያለበት ልጅ አባት የሆነው የሥነ ልቦና ምሁር በርናርድ ሪምላንድ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1964 ባሳተመው መጽሐፍ ነገሩ ከአንጎል አፈጣጠር ጋር የተያያዘ መሆኑን ተከራከረ፤ ጥናትም እርሱን ደገፈ። ለእኛ ግን ሪምላንድን መጠበቅ አያስፈልገንም ነበር። በዮሐንስ ምዕራፍ 9 ደቀ መዛሙርቱ ስለ ዕውሩ ሰው “ማን በደለ?” የሚለውን ጥያቄ አንሥተው መልሱን ከጌታ አፍ ሰምተዋል፤ እርሱም አልበደለም፣ ወላጆቹም አልበደሉም። ያቺ አሮጊት ደጅ ላይ የጠየቁት ጥያቄ ከ2000 ዓመት በፊት ተዘግቷል።

ወላይታ ይህን ትምህርት ታውቀዋለች

ጩኸት ከሚበዛበት ፈውስ በየቀኑ በዝምታ የሚሠራ ሥራ ብዙ ሰው እንዳቆመ ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። እግራችንን እንመልከት።

ዝሆኔ ወይም በእኛ ዘንድ “ሞሲ ፉት” የሚባለውን የእግር እብጠት ሁላችሁም ታውቃላችሁ። እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመ ጥናት በወላይታ ከመቶ ሰው ከ5 በላይ የሚሆነው ይህ በሽታ እንዳለበት አመልክቷል። በአንዳንድ ቤተሰብ ውስጥ ስለሚደጋገም “የዘር እርግማን ነው” ተባለ። ይተላለፋል ተብሎም ተፈራ። ከእነዚያ ቤት ጋብቻ ቀረ፤ በአንድ አግዳሚ መቀመጥ ቀረ፤ ሕሙማኑም ቤተ ክርስቲያን መምጣት አፈሩ።

ምክንያቱ ግን እግራችን ሥር ነበር። ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተገኘው ቀይ አፈራችን ደቃቅ ቅንጣቶች አሉት፤ ለዓመታት በባዶ እግር በሚሄድ ሰው ቆዳ ውስጥ ይገባሉ፤ ተፈጥሮው ለዚህ የተጋለጠውን ሰው እግር ያሳብጣሉ። በሽታው ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። ሚስዮናዊው ዶክተር ናታን ባርሎ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ በሶዶ የጀመሩት ሥራ ለሕሙማኑ ያስተማረው ምን ነበር? በየቀኑ እግርን በሳሙናና በረኪና ጠብ በተደረገበት ውኃ መታጠብ፣ ማድረቅ፣ ቅባት መቀባት፣ ካልሲና ጫማ ማድረግ። ነገም እንደዚያው፣ ከነገ ወዲያም እንደዚያው። ለልጆች ደግሞ እግራቸው ሳያብጥ ጫማ ማልበስ።

በዚህ ውስጥ መድረክ ላይ የሚነገር ምስክርነት የለም። ጫማ ስለተደረገለት ሳይታመም የቀረ ልጅ “ከምን እንደዳንኩ ልንገራችሁ” ብሎ አይቆምም። ነገር ግን እግሩ ደህና ነው። አስቀድሞ መዘጋጀት ማለት ይህ ነው። ሳሙናና ጫማ እምነትን አልሻሩም፤ የተገለሉትን ሰዎች ወደ ጉባኤ መለሱ እንጂ። ታዲያ ለእግር የተማርነውን ለአእምሮ ለምን እንረሳዋለን?

ደብተሩ

በታኅሣሥ ወር ከኅብረታችን ሁለት እህቶችን ይዤ ወደዚያ ልጅ ቤት ሄድኩ። ይቅርታ ጠየቅኩ። እናትየው ቡና አፈሉ። ከእኛ ጋር የመጣች የልዩ ፍላጎት መምህርት ነበረች፤ ስለ ልጁ በሽታ አንድም ቃል አልጠየቀችም። የጠየቀችው ሁለት ነገር ነው። “ከመጮሁ በፊት ምን ይሆናል? ከጮኸ በኋላስ ምን ያገኛል?”

እናትየው ሳያመነቱ መለሱ። ልጁ የሚጠጣው በአንድ ኩባያ ብቻ ነው። ገበያ የሚሄዱት ሁልጊዜ በአንድ መንገድ ነው፤ መንገዱ ከተቀየረ መሬት ላይ ይቀመጣል። ወፍጮ ቤት አጠገብ ማለፍ አይችልም። ሲርበው አይናገርም፤ እጁን ይነክሳል። ያን ያህል ዓመት ያጠኑትን ነገር እኛ አንድ ጊዜ እንኳ ሳንጠይቅ በአንድ ደቂቃ “ጠላት” ብለን ዘግተነው ነበር።

ሁለተኛው ጥያቄ ግን እኔን ወጋኝ። ከጮኸ በኋላ ምን ያገኛል? እኛ እናወጣዋለን። ድምፁ ያመዋል፤ “በቃኝ” የሚልበት ቃል የለውም፤ ዝም ብሎ ሲቀመጥ ማንም አያየውም፤ ሲጮህ ግን ወዲያው ወደ ጸጥታ ይወሰዳል። ስለዚህ ጩኸት “አውጡኝ” የሚል ቃል ሆነለት። ይህን ቃል ያስተማርነው እኛ ነን።

ደብተር ገዛን። ልጁ ከእናቱ ጋር ሲመለስ በየእሑዱ ሦስት ነገር ብቻ ጻፍን፤ ከጩኸቱ በፊት የነበረውን፣ የሆነውን፣ ከዚያ በኋላ የተደረገውን። በአራተኛው እሑድ ነገሩ ፍንትው ብሎ ታየ። ጩኸቱ የሚነሣው የድምፅ መሣሪያው ሲሞከር፣ የሚቀመጥበት ቦታ በሌላ ሰው ሲያዝና ስብከቱ ረዝሞ የምሳ ሰዓት ሲያልፍ ነበር። ከዚያም የሚከተለውን አደረግን፤ ማንኛውም ኅብረት ሊያደርገው ስለሚችል እዘረዝረዋለሁ።

አንደኛ፣ ቀጥሎ የሚሆነውን በሥዕል አሳየነው። ሥዕል የሚችል ወንድማችን በካርቶን ላይ አምስት ሥዕሎች ሠራ፤ መዝሙር፣ ጸሎት፣ ትምህርት፣ ዳቦ፣ ቤት። አንዱ ሲያልቅ ልጁ ራሱ አንሥቶ ኪሱ ውስጥ ይከተዋል። እ.ኤ.አ. በ1943 ስለ ኦቲዝም የመጀመሪያውን ታዋቂ ጽሑፍ ያወጡት ሐኪም ሊዮ ካነር፣ ልጆቹ ነገሮች እንደነበሩ እንዲቀጥሉ አጥብቀው እንደሚሹ ያኔውኑ አስተውለዋል። ዓለም ሳታስጠነቅቅ ለምትወርድበት ልጅ ሥርዓት ማለት በጨለማ ደረጃ ላይ የሚያዝ መደገፊያ ነው።

ሁለተኛ፣ ለውጥ ሲኖር አስቀድመን ነገርነው። እንግዳ ሰባኪ ካለ ከቤቱ ሳይወጣ እናቱ ይነግሩታል፤ ከበሮ ሊመታ ሲል አጠገቡ ያለው ሰው ትከሻውን ነካ ያደርገዋል።

ሦስተኛ፣ ቦታውን አዘጋጀን። ከጎን በር አጠገብ ያለው አግዳሚ ጫፍ የእርሱ ሆነ። የድምፅ ማጉያው ፊት ትንሽ ዞረ። የድምፅ ሙከራው ሳያልቅ አይገባም። ደጅ ያለው ዛፍ ሥር ደግሞ ማረፊያ ሆነ።

አራተኛ፣ “በቃኝ” የሚልበት ቃል ሰጠነው። ቀይ ካርቶን ነው። ካርቶኑን ከሰጠን ያለ ክርክር፣ ወዲያው፣ ይዘነው እንወጣለን፤ ሲረጋጋም እንመለሳለን። “ይህማ ማሞላቀቅ ነው” ያሉ ነበሩ። እናንተ “ውኃ ስጡኝ” ብላችሁ ውኃ ሲሰጣችሁ ሞልቃቃ ትባላላችሁ? ለመጮህ ሳይገደድ የሚናገርበት መንገድ አገኘ፤ ያለው ይህ ነው።

አምስተኛ፣ ሁለት የታወቁ ሰዎች ተመደቡለት፤ እየተቀያየሩ። በየሳምንቱ አዲስ ፊት ማቅረብ ቀረ። እነዚህ ሁለቱም ልጁ ዝም ብሎ ሲቀመጥ፣ ሥዕሉን ሲያነሣ፣ ያኔውኑ ያመሰግኑታል። ሲያጠፋ ብቻ የሚታይ ልጅ ማጥፋትን ይማራል።

ስድስተኛ፣ ሥጋውን አሰብን። ዳቦው ትምህርቱ ቢረዝምም በሰዓቱ ይሰጠዋል። አንድ ሳምንት ያለ ምንም ምክንያት መንከስ ሲጀምር ወደ ጤና ጣቢያ ተወሰደ፤ ጥርሱ ተቦርቡሮ ነበር። መናገር የማይችል ሰው ጠባዩ በድንገት ሲለወጥ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ሕመም ነው። የሚጥል በሽታ ካለም መድኃኒት አለው፤ መድኃኒት ማስቆም ደግሞ የማንም ኅብረት ሥልጣን አይደለም።

ልጁ “ተፈወሰ” ብዬ አልነግራችሁም። ኦቲዝሙ አለ። ነገር ግን ከተከታዮቹ ስምንት እሑዶች በስድስቱ እስከ መጨረሻው በጉባኤ ተቀምጧል። እናቱም ከብዙ ጊዜ በኋላ አንድ ስብከት ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሰሙ።

የሚያዝያው ስህተት

እዚህ ላይ ብቆም ደስ ባለኝ። በሚያዝያ የወጣቶች ኮንፈረንስ አዘጋጀን። እንግዳ መዘምራን መጡ፤ ትልልቅ የድምፅ ማጉያ ተከራየን፤ አግዳሚዎቹ ሁሉ ቦታቸው ተቀየረ። የልጁ አጋሮች አንዱ ወደ ምግብ ዝግጅት፣ አንዱ ወደ እንግዳ አቀባበል ተመደቡ። ሥዕሎቹን ያመጣ ሰው አልነበረም። ድምፁ ሲለቀቅ ልጁ በጎን በር ወጥቶ ሮጠ፤ እስከ ዋናው አስፋልት። የባጃጁ ሾፌር ፍሬን ባይዝ ኖሮ ይህን ጽሑፍ አልጽፍም ነበር።

ያን ማታ በግምገማችን ላይ አንድ ወንድም “ጠላት ኮንፈረንሳችንን ሊረብሽ ፈልጎ” አለ። የተግባር ክፍፍል ወረቀቱን አውጥቼ አነበብኩ። ለወንበር ሁለት ሰው። ለመኪና ማቆሚያ ሦስት ሰው። ለሰባኪው ውኃ አንድ ሰው። ለፎቶ ሁለት ሰው። ለልጁ ማንም። የጠላትን ሥራ ከመፈለጋችን በፊት የራሳችንን ወረቀት እናንብብ።

የምትሉትን አውቃለሁ

“እኛ ባለሙያ አይደለንም፤ ይህ የመንግሥትና የሐኪም ሥራ ነው” ትላላችሁ። መንግሥት ግዴታ እንዳለበት እውነት ነው። ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 41 አካላዊና አእምሯዊ ጉዳት ላለባቸው ድጋፍ እንዲደረግ ያዛል፤ ኢትዮጵያም የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች ስምምነት በ2002 ዓ.ም. አጽድቃለች። ይህ ይጠየቅ። ነገር ግን የዓለም ጤና ድርጅት ለእነዚህ ልጆች ቤተሰቦች ያዘጋጀውንና በአገራችንም የተሞከረውን ሥልጠና ተመልከቱ፤ 9 የቡድን ስብሰባና 3 የቤት ጉብኝት ነው። ባለሙያ ያልሆኑ ሰዎች ሠልጥነው እንዲሰጡት ተብሎ የተሠራ ነው። የሚያስተምረውም በጨዋታና በቤት ውስጥ የዕለት ሥራ መካከል ልጁን እንዴት ማሳተፍ እንደሚቻል ነው። እኛ ለአንድ የመዝሙር ምረቃ ከ9 ቀን በላይ እንለማመዳለን! በአዲስ አበባም ወይዘሮ ዘሚ የኑስ የውበት ሙያ ትምህርት ቤት ባለቤት ነበሩ። ልጃቸው ኦቲዝም ስለነበረበትና ትምህርት ቤት ስላልተመቻቸለት በ1994 ዓ.ም. የጆይ ኦቲዝም ማዕከልን ከፈቱ። የጀመሩት ከእናትነት ነው፤ ሙያውን መንገድ ላይ ተማሩት።

“አምልኮአችን በመንፈስ የሚመራ ነው፤ በሥዕልና በሰዓት አይታሰርም” ትላላችሁ። ወዳጆቼ፣ እውነቱን እንነጋገር። ሦስት ሰዓት ተብሎ አራት ሰዓት መጀመራችን የመንፈስ ምሪት ነው? ማስታወቂያ አርባ ደቂቃ መፍጀቱስ? ልማዳችንን በመንፈስ ቅዱስ ስም አንጥራው። ጳውሎስ ልሳንና ትንቢት ለበዛባት የቆሮንቶስ ቤተ ክርስቲያን የጻፈው ሁሉ በአግባብና በሥርዓት እንዲሆን ነው። ዳንኤል በቀን ሦስት ጊዜ፣ በዚያው መስኮት አጠገብ ይጸልይ ነበር፤ ይህ ሥርዓት መንፈሳዊነቱን አልቀነሰበትም።

“ልጅ በበትር ነው የሚቀናው” ትላላችሁ። አውቆ እንቢ ያለን ልጅ ስለ መምከር ሌላ ጊዜ እንነጋገር። ድምፅ ያመመውን ልጅ ስለ ጮኸ መምታት ግን አንካሳን ስለ አነከሰ መምታት ነው። ከዚህም የከፋ አለ፤ በር ተቆልፎባቸው፣ እግራቸው በገመድ ታስሮ የሚውሉ አሉ። ብዙውን ጊዜ ወላጆቻቸው ጨካኝ ሆነው አይደለም፤ ሥራ መሄድ ስላለባቸውና የሚጠብቅላቸው ስለሌለ ነው። ያን ገመድ የሚፈታው ስብከት አይደለም። በሳምንት ሁለት ከሰዓት በኋላ ቤታቸው ሄዶ የሚቀመጥ ወጣት ነው።

“ለአንድ ሰው ብለን ጉባኤውን ሁሉ?” ትላላችሁ። ዘጠና ዘጠኙን ትቶ አንዱን ፍለጋ ስለ ወጣው እረኛ እኔ ልስበክላችሁ? ይልቁን ማርቆስ 7ን አንብቡ። መስማትና መናገር የተሳነውን ሰው ባመጡለት ጊዜ ጌታ መጀመሪያ ያደረገው ከሕዝቡ ለይቶ ለብቻው መውሰድ ነው። ከዚያ ጣቶቹን በጆሮው አኖረ፤ ምላሱን ነካ። ለማይሰማ ሰው በሚገባው ቋንቋ፣ በእጁ ተናገረው። ጌታ ራሱ ጸጥ ያለ ቦታ ከመረጠ፣ ለእኛ የድምፅ ማጉያውን ትንሽ ማዞር ይከብደናል? ደግሞ ድምፁ ሲቀንስ የተደሰቱት አዛውንቶቻችንና ሕፃን የታቀፉ እናቶች መሆናቸውን በደብተራችን ላይ ጽፈናል።

በመጨረሻ “ተስፋ የለውም፣ አይለወጥም” የሚል አለ። ኤልያስ ከክትክታው ዛፍ ሥር ወድቆ ሞትን ሲለምን መልአኩ አልገሠጸውም። እንጀራና ውኃ አቀረበለት፤ አስተኛው፤ እንደገና አበላው። እግዚአብሔር ከነቢዩ ጋር የተነጋገረው ከዚያ በኋላ፣ ተራራው ላይ፣ በለሆሳስ ድምፅ ነው። ከቃሉ በፊት ዳቦ፣ ከዳቦው በኋላ እንቅልፍ። እግዚአብሔር ይህን ቅደም ተከተል ለነቢይ ካልናቀው እኛ ለአንድ ልጅ አንናቀው።

እኩዮቻችን የት አሉ?

አንድ ጥያቄ ልጨምር። የልጆች አገልግሎት ክፍል ውስጥ እንዲህ ያሉ ልጆች አልፎ አልፎ ይታያሉ። በእኛ በወጣቶቹ ኅብረት ውስጥ ግን የ18 ወይም የ22 ዓመት ሰው ስንት አለ? እኩዮቻችን ናቸው። አብረውን ተወለዱ፤ አብረውን ግን አላደጉም። ልጅ ሳሉ ሰው አዘነላቸው፤ ጢም ሲያወጡ ሰው ፈራቸው፤ ከዚያ ቤት ቀሩ። እነርሱም አገልግሎት ይገባቸዋል። መዝሙር መጽሐፍ በየአግዳሚው ማስቀመጥ፣ ወንበር መደርደር፣ በር ላይ እጅ መጨበጥ፣ ሁልጊዜ በአንድ ሰዓት፣ በአንድ ቅደም ተከተል። ጳውሎስ ደካማ የሚመስሉት የአካል ክፍሎች ይልቁን የሚያስፈልጉ ናቸው ሲል “ይታዘንላቸው” ማለቱ አልነበረም፤ ያለ እነርሱ አካሉ ጎደሎ ነው ማለቱ ነው።

አያቶቻችንን አስቡ። እ.ኤ.አ. በ1937 ሚስዮናውያኑ ከወላይታ ሲወጡ የተጠመቁት አማኞች 48 ነበሩ። ሲመለሱ በሺዎች የሚቆጠሩ አገኙ። በእነዚያ ዓመታት ኪቦርድ አልነበረም፤ ድምፅ ማጉያ አልነበረም፤ ጸሎት ቤቶችም ይፈርሱ ነበር። ወንጌሉ ከጎጆ ወደ ጎጆ፣ ከሰው ወደ ሰው፣ በእግር ሄደ። እኛ የእነርሱ ልጆች ነን፤ ሦስት መንደር ዘልቆ የአንዲት እናት በር ማንኳኳት አያቅተንም።

ስለዚህ ይህን መጽሔት ካነበባችሁ በኋላ በኅብረታችሁ ሦስት ነገር አድርጉ። በአጥቢያችሁ ልጇን ይዛ መምጣት ያቆመች አንዲት እናት ፈልጉና ቤቷ ሂዱ፤ ለመምከር ሳይሆን ለመጠየቅ። ደብተር ግዙ፤ ከጩኸቱ በፊት ምን እንደነበረ ጻፉ። ቀጣዩን የተግባር ክፍፍል ወረቀት ስታዘጋጁም፣ ከወንበሩና ከድምፅ መሣሪያው በላይ፣ የዚያን ሰው ስም ጻፉ፤ ከጎኑም የአንዳችሁን ስም።

በእኛ ወረቀት ላይ አሁን የመጀመሪያው መስመር ይህ ነው። በዚህ ወር ከልጁ ስም ጎን ያለው ስም የእኔ ነው።